የሚይዛት ሰው አለ?

በዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ለወንጌል ተልዕኮ ሲላክ፣ ከመንገዱ በፊት ባለው እሑድ መድረክ ላይ ይቆምና ሽማግሌው ጉባኤውን ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። «ይህን ወንድም የሚይዘው ሰው አለ?» ይላሉ። ሴት ከሆነች «ይህችን እህት» ይላሉ። እናት ትሁን አባት፣ እጮኛ ይሁን ጓደኛ፣ አንድ ሰው ከተቀመጠበት እጁን ካነሳ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ለምን ያዝክ ተብሎ አይጠየቅም። የተያዘውም ሰው አያፍርም፤ ከመድረኩ ወርዶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ዝማሬውም ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ምን ደርሶባቸው ይህን ሥርዓት እንዳበጁት የሚያስታውስ የለም።

ሁለት ነገር ብቻ ክልክል ነው። ሂያጁ ራሱ «ያዙኝ» ብሎ ሰው መለመን አይችልም። ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ጸሎት ከተጀመረ ደግሞ፣ ያን ጊዜ የሚነሳ እጅ አይቆጠርም።

በሃያ ዓመት ውስጥ የተያዙት አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያው ጥያቄ እንኳ ሳያልቅ ሁለቱንም እጆቿን አነሳች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሽማግሌውም «እህቴ፣ አንዱ ይበቃ ነበር» አሏት። ሰውየው ከመድረኩ ሲወርድ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራ ነበር። አደራ ያን ቀን ከመዘምራኑ መካከል ቆማ አይታዋለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ መወደድ ማለት ይሄ ነው ብላ በልቧ አስቀመጠችው።

አደራ የቤት ስሟ ነው። እናቷ ሁለት ልጆች ቀብራ፣ ሦስተኛዋ በዘጠኝ ወሯ ትኩሳት ሲጥላት «ይህችን ተውልኝ እንጂ ላንተው ነች» ብላ ተሳለች። ሕፃኗ ተረፈች። እናት ደግሞ ነገር በሆዷ የሚያድርላት ሴት አልነበረችም፤ ስለቷን ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለሰንበት ትምህርት አስተማሪዋ፣ ጥርሷን ለነቀለላት ሐኪም ሳይቀር አወራችው። ልጅቷ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመልስላት ሰው አይጠፋም ነበር።

እሷ ግን መነጽር ሠሪ ሆነች። በአንድ መድኃኒት ቤትና በአንድ ጫማ መሸጫ መካከል በተወሸቀች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ዓይን ትለካለች፣ ሌንስ ትቆርጣለች፣ የፍሬም ብሎን ታጠብቃለች። እናቷ ይህንን ሥራ እስከ ቀኑ ድረስ እንደ ማቆያ ነበር የምታየው። አደራ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ቀኑ የተረሳ መስሏት ነበር።

አንድ ሶፋ ሠሪ ወደ ሱቋ የመጣው ያን ሰሞን ነው። ለአንድ ጠበቃ ቢሮ ስድስት ወንበር አበባ ባለው ጨርቅ አልብሶ አስረክቦ ነበር። በማግስቱ ጠበቃው ደውሎ፣ የሁለቱ ወንበሮች አበባ ወደ ታች እንደሚያድግ ነገረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስቸግርህ?» አለችው፣ ከፊደል ሰሌዳው ፊት ለፊት አስቀምጣ።

«እኔን መች አስቸገረኝ፤ ጠበቃውን ነው እንጂ።»

«እስቲ አራተኛው መስመር ላይ ያለውን አንብብልኝ።»

«አራተኛ መስመር አለ እንዴ?»

ሳቋን ውጣ የመለኪያ ፍሬሙን አፍንጫው ላይ አደረገችለት። አንዱን ሌንስ አውጥታ ሌላውን ስታስገባ፣ ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ ስትለው፣ «ይሄ፣ አይ የቅድሙ» ሲላት ቆየና በድንገት ዝም አለ። ሰሌዳውን ትቶ እሷን ያያል።

«ምነው?»

«ምንም። አሁን ነው ፊትሽን ያየሁት። እስካሁን ድምፅ ብቻ ነበርሽ።»

የሰው ዓይን በቅርብ ማየት ሥራዋ ነው፤ በቀን ሃያ ሰው ዓይን ውስጥ በመብራት ትገባለች። ያን ቀን ግን መብራቱን አጥፍታ ወደ መሳቢያዋ ዞረችና የማትፈልገውን ነገር መፈለግ ጀመረች።

መነጽሩን ከወሰደ በኋላ ብሎኑ ላላ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ፍሬሙን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። ብሎኑ ጫፍ ላይ አዲስ ጭረት አለ።

«ይህን ማን ነካካው?»

«ንፋስ ይሆናል።»

«ንፋሱ ብሎን መፍቻ ይዞ ነው የሚዞረው?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷም ብሎኑን አጠበቀችለትና፣ ከእንግዲህ ሳይፈታው መምጣት እንደሚችል ነገረችው።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓቷን የምታሳልፈው እሱ ጋ ሆነ። ሥራ ቤቱ ስፖንጅ፣ ሽቦና የጨርቅ ጥቅልል የሞላበት፣ ጣራው ላይ አንድ የመስታወት መስኮት ያለው መጋዘን ነበር። እሷ ገና ባልለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስታወራ እሱ ጨርቅ ይወጥራል። ሚስማሮቹን ከንፈሩ ላይ ደርድሮ፣ አንድ አንድ እያነሳ ስለሚመታ ቃል አይወጣውም፤ በቅንድቡ ነው የሚመልስላት። አደራ የቅንድቡን ቋንቋ በሁለት ሳምንት ውስጥ አወቀችው። ቁም ነገር ሲኖረው ብቻ ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ይተፋና ይናገራል። «እወድሻለሁ» ያላት እንደዚያ ነው፣ ሰባት ሚስማር መዳፉ ላይ ይዞ።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ መምጣት ጀመረ። አራተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ መዝሙሩን አያውቀውም፣ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እናቷ መጀመሪያ ገረመመችው፣ ቀጥሎ የተሰበረ ወንበሯን ሲጠግንላት ለስለስ አለች። የክረምቱ ሥራ ጋብ ሲል ቀርቦ ሊያናግራት፣ ልጅሽን ስጪኝ ሊላት ቆርጦ ነበር። ይህንንም ለአደራ ሚስማሮቹን ተፍቶ ነግሯታል።

ክረምቱ ግን ሳያልቅ ተልዕኮው ተነገረ።

ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ መነጽር የሚባል ነገር ደርሶ በማያውቅበት አገር፣ ዓይናቸው ደክሞ ቅዱስ መጽሐፍ ማንበብ ያቃታቸው፣ በመርፌ ክር ማስገባት ያቃታቸው ሰዎች አሉ ተባለ። ቤተ ክርስቲያኗ አንዲት ነርስና አንድ የመነጽር ባለሙያ ለአንድ ዓመት ልትልክ አሰበች። ወንዙ ሲሞላ መንገዱ አምስት ወር ይዘጋል። ስልክ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች ሄደው ነበር። አንዱ ከስቶና ጠቁሮ ተመለሰ፣ ስለዚያ ዓመት አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሌላኛው አልተመለሰም። ስለ እሱ ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ «በጌታ እጅ ነው» ይላሉ፤ ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደፍሮ የጠየቀ የለም።

«የመነጽር ባለሙያ ከየት እናገኛለን?» ሲሉ ሽማግሌው፣ የአደራ እናት ከኋላ ብድግ አለች።

«ልጄ አለች» አለች።

ጉባኤው በአንድ አፍ አሜን አለ። አደራ ከመዘምራኑ መካከል እንደቆመች ቀረች። አልተጠየቀችምና አልመለሰችም፤ ዝም ማለቷም እሺታ ሆኖ ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ተንበርክካ ጥሪዋን ለመነች። አንድ ነገር ንገረኝ አለች። ሂጂ በለኝ፣ አለበለዚያ ቅሪ በለኝ። የምትሰማው የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ነበር። ነርሷን ስታያት ትቀናለች፤ ነርሷ ሰፊ ኮፍያ ገዝታ፣ መድኃኒቷን በየካርቶኑ ደልድላ፣ መንገድ መንገድ እያለች ነው። በአደራ ደረት ውስጥ ያለው ፍርሃት ብቻ ነው፤ የምትፈራውም ሞትን አይደለም። ሶፋ ሠሪውን ሳታይ የምትውልበትን ቀን ነው። አንድ ሁለት ብላ መቁጠር ትጀምርና ትተወዋለች።

ግን እንዴት ብላ አልሄድም ትበል? እናቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሷን በታመመች ቁጥር፣ ዝናብ በዘገየ ቁጥር፣ «ስለቴን ሳልከፍል ነው» የምትል ሴት ነች። አደራ ከቀረች በቤታቸው የሚታመም ሰው ሁሉ በእሷ ምክንያት ይታመማል። አንድ መውጫ ብቻ ነበር። ተይዞ የቀረ ሰው ስለት አያፈርስም፤ ሥርዓቱ ነው ያስቀረው።

ያን ሳምንት ሥራ ቤቱ ሄደች። ለአንድ ሆቴል ረጅም ሶፋ እያለበሰ ነበር፣ ከንፈሩ በሚስማር ሞልቷል።

«የፊታችን እሑድ መድረክ ላይ እቆማለሁ» አለችው። «ረቡዕ ጠዋት መንገድ ነው።»

መዶሻው ቆመ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ሰሃን ላይ አስቀመጣቸው።

«ጥሪ አለሽ?»

«እየጠበቅኩት ነው።»

«እስካሁን ካልመጣስ?»

«ካልመጣም መድረኩ ላይ እቆማለሁ።»

ሰሃኑን ወደ ጎን ገፋው። «ሰው ቢይዝሽ ትቀየሚያለሽ?»

አዎ ወይም አይ ማለት መለመን ነው፤ መለመን ደግሞ ክልክል ነው። ተነሳች፣ ጃኬቱ ላይ የተጣበቀውን የስፖንጅ ፍርፋሪ አራገፈችለት፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ከዚህ ሌላ ሥራ የሌላት ያህል ቀስ ብላ ነበር።

«እሱን መመለስ አይፈቀድልኝም» አለችው።

ፈገግ አለ። ገብቶታል። መግባቱን ከቅንድቡ አነበበች።

ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም። ሻንጣዋን ለወጉ አዘጋጀች፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽ አስገብታ ዘጋችው። እናቷ ሻንጣውን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ መዘነችውና ምንም ሳትል መልሳ አስቀመጠችው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አስቀድሞ ነርሷ ቆመች፣ የሚይዛት አልተገኘም፤ እሷም እፎይ አለች። ቀጥሎ አደራ ወጣች። ሶፋ ሠሪው አራተኛው ረድፍ ላይ፣ እናቷ ከእሱ በስተጀርባ ሁለት ረድፍ ወረድ ብላ ነበሩ።

«ይህችን እህት የሚይዛት ሰው አለ?» አሉ ሽማግሌው።

አንድ ሰው ሳለ። አደራ አልቸኮለችም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሚስት አይደለም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሁለተኛውን ይጠብቃል አለች በልቧ።

«ይህችን እህት የሚይዛት ሰው አለ?»

ሶፋ ሠሪው ቀና አለ። ዓይኑ ከእሷ ጋር ተገናኘና ሸሸ። ወደ ኋላው ዘወር ብሎ አንድ ነገር አየ፣ ተመለሰ፣ አንገቱን ደፋ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። ለምን አሁን ያወልቃል? አለች። ሳያየኝ ሊቀር ነው።

ሽማግሌው ሦስተኛውን ከመጠየቃቸው በፊት እንደ ወጉ ትንሽ ቆዩ። በዚያች ትንሽ ጊዜ አደራ የክብሯን ነገር ሁሉ ትታ በግላጭ አፈጠጠችበት። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነበር። ግራ እጁ ቀኙን ከላይ ጭምድድ አድርጎ ይዞታል፣ መንገድ የሚያሻግሩትን ሕፃን እንደሚይዙት።

«ይህችን እህት የሚይዛት ሰው አለ?»

የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። የሚነሳ እጅ የለም።

«እንግዲያውስ እንጸልይ።»

ሰኞ ሱቋ ድረስ መጣ። አደራ ባልደረባዋን የለችም አስብላ፣ ከሌንስ መቁረጫው ማሽን ኋላ ተቀምጣ ድምፁን ሰማች። «ትመለሳለች?» ሲል፣ ባልደረባዋ «እንጃ» ስትለው፣ ደግሞ ትንሽ ቆሞ ሲሄድ ሰማች። ማክሰኞም መጣ። ማሽኑን ሳያስፈልግ አስነስታ በጩኸቱ ውስጥ አለቀሰች። አልወደደኝም፣ አበቃ፣ አለች። የወደደ ሰው አንዲት እጅ ማንሳት ያቅተዋል? አንድ ኪሎ የማትሞላ እጅ። ረገመችው፣ ከዚያ ደግሞ ለረገመችው ይቅርታ ጠየቀች፣ መልሳም ረገመችው።

ረቡዕ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያረጀች ላንድክሩዘር ቆማለች። መዘምራኑ ለመሸኘት መጥተዋል። ሹፌሩ የሌንስ ካርቶኖቹን ጣራ ላይ ያስራል፣ ነርሷ ኮፍያዋን አጥልቃ የፊቱን ወንበር ይዛለች። ሶፋ ሠሪው ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከመኪናው የኋላ በር ጎን ቆሟል፣ እጁ ላይ መዶሻ አለ፣ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል።

«የምትቀመጪበት ወንበር ሽቦው ወጥቶ ነበር» አላት። «ስፖንጁን ቀየርኩት። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«መሄዴ ካልቀረ እንዲመቸኝ ነው?»

ጉልበቱን አራገፈ።

«እጅህን ምን ነካው?» አለችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ልትናገር ነበር፤ ወጣባት። «እሑድ። እጅህን ምን ነካው?»

«ዓርብ እናትሽ መጥተው ነበር» አለ። «ሥራ ቤት ድረስ። የሆቴሉ ሶፋ ላይ ተቀመጡና ለመኑኝ። ሁለት ቀብሬ እሷን ነው ያገኘሁት፣ ተይዛ ቀርታ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ማንን ነው የምጠይቀው፣ አንተን? አሉኝ። አለቀሱ። እኔ እንኳን የእናት እንባ...» ጨረሰው መሰለው። ሲያያት አለመጨረሱ ገባው። «ቃል አስገቡኝ። ገባሁላቸው። ላንቺ ልነግርሽ ሰኞም ማክሰኞም መጣሁ።»

እናቷ የመንገድ ውኃና ብርድ ልብስ ተሸክማ ከበሩ በኩል እየመጣች ነበር። አደራ ሄዳ መንገዱ መሃል ላይ አስቆመቻት።

«እማዬ፣ ሄደሽ ለመንሽው?»

እናት ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ወደ ሶፋ ሠሪው አየች፣ ወደ ልጇ አየች። ለመካድ የሚሆን ፊት አልነበራትም።

«ለመንኩት» አለች። «እንቢ ይለኛል ብዬ ነው የለመንኩት።»

«ምን?»

«ከልቡ የሚወድሽ ከሆነ እንቢ ይለኛል ብዬ ነው። ሻንጣሽን አንስቼ አይቼው ነበር እኮ፤ ልብሽ እንደማይሄድ ገብቶኛል። እኔ የተሳልኩ ሰው በምን አፌ ነው የምይዝሽ? ግዴታዬን ልወጣ፣ ሄጄ ልለምነው፣ እሱ ደግሞ አሻፈረኝ ብሎ ይያዝልኝ ብዬ ነው። እሑድ ዕለት ዓይኔ ከእጁ ላይ አልተነሳም።» ወደ ሶፋ ሠሪው ዞረች፣ ንዴትና እንባ ተደባልቆባታል። «አንተ ልጅ፣ ማን ስማኝ አለህ?»

ሶፋ ሠሪው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጠዋት በዚያ ሁሉ ሸኚ መካከል ሦስቱ ተፋጠው ቆሙ። እሑድ ዕለት ከሦስቱ መካከል መሄዷን የፈለገ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሂያጇም ጭምር። ሦስቱም በየቦታቸው ሌላው ያንሳ ብለው ጠበቁ።

አደራ ወደ ሽማግሌው ሄደች። ከሹፌሩ ጋር ስለ ወንዙ ያወሩ ነበር።

«አባባ» አለቻቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ቢጠይቁስ?»

ሽማግሌው ሞኝ አልነበሩም። ከትከሻዋ በላይ እናቷንና ሶፋ ሠሪውን አዩ፣ ክንዷን ይዘው ከሰው ገለል አደረጓት።

«አይደገምም፣ ልጄ። ሦስት ነው። ያለፈውን ጥያቄ አሁን ብከፍተው ከእንግዲህ ማን ሄደ፣ ማን ቀረ ይባላል?» ክንዷን ለቀቁት። «ግን ሥርዓቱ ስለ ሌሎች እጅ ነው እንጂ ስላንቺ አፍ ምንም አይልም። አልሄድም ካልሽ በግድ የሚጭንሽ የለም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።»

«እንዲህ ብሎ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«እኔ እስከማውቀው የለም» አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ይገርመኛል።»

ተመልሳ መኪናው ጋ ቆመች። አልሄድም። አንዲት ቃል ነች። መዘምራኑ መሸኛውን መዝሙር ለመጀመር እሷን እየጠበቁ ነው። ነርሷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ነይ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» ትላለች። አደራ አፏን ከፈተች። አየር ገባ፣ ምንም አልወጣም።

«እማዬ» አለች። «ልቅር?»

የእናቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አንድ ነገር ልትል ደረሰች፣ ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየች። እዚያ ላይ ያለውን ከልጇ ይልቅ ፈራችው።

«አንተስ?» አለች ወደ ሶፋ ሠሪው ዞራ። «ቅሪ ትለኛለህ?»

ከንፈሩ ላይ ሚስማር አልነበረም። እናቷን አየ። ያን ጊዜ ነው አደራ የሚመጣውን ሁሉ ቁልጭ ብሎ የታያት፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስቱ፣ እናቷ ራሷን ሲያማት እሱን ስታይ፣ እሱ አደራን ሲያይ፣ አደራ ወለሉን ስታይ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስረግምህ ነበር» አለችው። «አንዲት እጅ ማንሳት ምን ያቅታል እያልኩ። ይኸው እኔም አፌን መክፈት አቃተኝ። ይቅር በለኝ።»

እጇን ያዘ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁለቱንም እጆቿን ያዛት፤ መዳፉ ሻካራ ነበር። አሁን መያዙ ምንም እንደማያስቀር ሁለቱም ያውቁታል።

«እጠብቅሻለሁ» አላት።

«እወድሃለሁ» አለችው እሷ። ጠብቀኝ ማለትም ደፋር ሰው ይፈልጋል፤ እሱን አልቻለችም። እናቷን ሳመች፣ ብርድ ልብሱን ተቀበለች፣ ገባች። መዘምራኑ ጀመሩ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ሶፋ ሠሪው በመስኮቱ ጎን እስከ ግቢው በር ድረስ አብሮ ተራመደ፣ በሩ ላይ ቆመ። እናቷ ከኋላው ደርሳ ክንዱን ስትደገፍ አደራ አየች። አሁን እነዚያ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ አንዱ ሌላውን ይቅር ማለት አለበት።

ወንበሩ ይመች ነበር። እሱ ነው ያስለቀሳት።

ነርሷ እስከ እኩለ ቀን ዘመረች፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ከተማው አለቀ፣ ፋብሪካዎቹ አለቁ፣ ከእነሱ በኋላ ሜዳ ብቻ ሆነ። አስፋልቱ የሚያበቃበት ቦታ ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ አለ። ሹፌሩ እዚያ አቆመ፣ ነዳጅ ሞላ፣ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ተመልሶ ገባና ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ ኋላ ዞረ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ክብሪት እንጨት የሚያኝክ ሰው ነው።

«የረሳችሁት ነገር ካለ አሁን ተናገሩ» አለ። «ከዚህ መመለስ ቀላል ነው፤ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ፣ አልቆጣም። ፒስታው ውስጥ ከገባን ግን ለማንም አልዞርም።»

ነርሷ ነቅታ ኮፍያዋን፣ የመድኃኒት ካርቶኑን፣ መጽሐፏን ዳበሰች። «እኔ ምንም አልረሳሁም» አለች።

ሹፌሩ አደራን ጠበቃት።

እዚህ እናቷ የለችም። መዘምራኑ የሉም፣ ሽማግሌው የሉም፣ የሚያፍሩበት ሰው የለም። ክብሪት የሚያኝክ አንድ ሹፌር ነው፣ ለእሱ ሻንጣ የረሳና ልብ የረሳ አንድ ነው። ምክንያት አይጠይቃትም። ዞር ይላል፣ ከመምሸቱ በፊት ያደርሳታል። ቃሉ ከሆዷ ተነስቶ እስከ ጥርሷ ድረስ መጣ፤ ምላሷ ላይ ክብደቱ ተሰማት።

«አንቺስ፣ እህቴ?» አላት።

«ምንም የለኝም» አለች።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።